የአክሰስ ፖይንት ፈርምዌር አፕግሬድ አደራረግ፦ ለቢሮ፣ ለሆቴልና ለንግድ ሕንፃ ዋይፋይ

«ኮንትሮለሩ ላይ አዲስ ፈርምዌር አለ የሚል ምልክት ወጥቷል። ላድርገው ወይስ ልተወው?» የካዛንቺስ ሆቴሎች፣ የሰንጋ ተራና የሜክሲኮ ቢሮዎች የአይቲ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። በስልክ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ አካሄዱን ከነምክንያቱ እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ፈርምዌር መሣሪያውን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ነው፤ ኮንትሮለር ደግሞ አክሰስ ፖይንቶቹን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው ነው።

አጭሩ መልስ፦ አድርጉት፤ ግን ምልክቱን ባያችሁበት ሰዓት አይደለም። አዝራሩን መንካት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ)፣ ከዚህ በኋላ ኤፒ እንበለው፣ በአፕግሬድ ጊዜ የሚሞተው ባብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው። ፈርምዌሩ እየተጻፈ መብራት ይሄዳል። የሌላ ሞዴል ፋይል ይሰጠዋል። ወይም ወደ ድሮው የሚመለስበት መንገድ ሳይዘጋጅ ይጀመራል። ሦስቱንም አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

«እየሠራ ለምን እነካዋለሁ?» ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። በ2017 ይፋ የሆነው ክራክ እና በ2021 ይፋ የሆኑት ፍራግአታክስ የተባሉት የዋይፋይ ቀዳዳዎች በኤፒው በኩል የሚደፈኑት በፈርምዌር ብቻ ነው። የይለፍ ቃል መቀየር አይደፍናቸውም። ከዚያ በፊት ተሰቅሎ እስከ ዛሬ ያልታደሰ ኤፒ በሩ ክፍት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ከታች ያሉትም እንዲሁ።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ። መሰኪያ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ላን የሚቀይር አዳፕተር።
- የተፈተሸ አጭር የኔትወርክ ኬብል
- ኤፒው ሲነሳ የሚጽፈውን ለማንበብ፣ ለዓይነቱ የሚሆን የኮንሶል ኬብል እና ፑቲ የሚባለው ፕሮግራም
- አንድ ፒኦኢ (በኔትወርክ ኬብሉ ኃይል የሚሰጥ) ኢንጀክተር፤ የተበላሸ ኤፒ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲታከም ያስፈልጋል
- ላፕቶፑ ላይ የተጫነ፣ ፋይል በኔትወርክ የሚያስተላልፍ የቲኤፍቲፒ ፕሮግራም፤ ቲኤፍቲፒዲ64 ይበቃል
- አዲሱ የፈርምዌር ፋይል፣ እንዲሁም አሁን እየሠራ ያለው ቨርዥን ፋይል
- መብራት ሲሄድ ስዊቾቹን (ኤፒዎቹ በኬብል የሚሰኩባቸውን የኔትወርክ ማከፋፈያዎች) በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ
- የኮንትሮለሩ፣ የስዊቹና የኤፒው የራሱ የይለፍ ቃል
- መሰላል፣ እና ኤፒውን ከኮርኒሱ ማቀፊያ የሚያላቅቅ ቁልፍ ወይም ፒን
- ከተቻለ ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ አንድ ትርፍ ኤፒ
- ለሙከራ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ስልክ

በሕንፃው ተከራይ ከሆናችሁ ከሕንፃ አስተዳደሩ የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ። ለጥበቃዎቹም አስቀድማችሁ ንገሩ። በሌሊት መሰላል ይዞ ኮሪደር ላይ የሚዞር ሰው መቆሙ አይቀርም፤ ደብዳቤው ከሌለ ሥራው መሐል ላይ ይቋረጣል።

አሠራሩ

1. ያላችሁን መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ኤፒ እነዚህን ጻፉ፦ ስም፣ የተሰቀለበት ቦታ፣ ሙሉ ሞዴል፣ የሃርድዌር ቨርዥን፣ አሁን ያለው ፈርምዌር፣ የማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ መለያ)፣ የተሰካበት ስዊችና የፖርት ቁጥር። አብዛኛውን ከኮንትሮለሩ ላይ ማውጣት ይቻላል።

የሃርድዌር ቨርዥኑ ግን ብዙ ጊዜ ኤፒው ጀርባ ላይ ካለው ተለጣፊ ነው የሚገኘው። ለምሳሌ ቲፒ-ሊንክ ኦማዳ ላይ ሁለት ኤፒዎች ስማቸው አንድ ሆኖ አንዱ «ቪ3» ሌላው «ቪ4» ሊሆን ይችላል። ውጫቸው አንድ ይመስላል፤ ፋይላቸው ግን የተለያየ ነው። አምራቹም የአንዱን ለሌላው አትጫኑ ይላል። የሽያጭ ክልልም አለ። አንዱ ኤፒ ከአገር ውስጥ አስመጪ፣ ሌላው በሰው እጅ ከዱባይ የመጣ ከሆነ የሁለቱ ክልል፣ ከዚያም ፋይላቸው ሊለያይ ይችላል። ተለጣፊውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ከመዝገቡ ጋር አስቀምጡት።

የስዊቹ ፖርት ለምን? ኤፒው አልነሳ ሲል መሰላል ሳትወጡ የፖርቱን ኃይል ከስዊቹ አጥፍታችሁ ማብራት የምትችሉት ቁጥሩን ካወቃችሁ ነው።

2. ሪሊዝ ኖቱን አንብቡ

ሪሊዝ ኖት አምራቹ ከፈርምዌሩ ጋር የሚያወጣው ማስታወሻ ነው። ረጅም ነው፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ከውስጡ አራት ነገር ብቻ ፈልጉ።

አንደኛ፣ የእናንተ ሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ አለ? አዲስ የኮንትሮለር ሶፍትዌር አሮጌ ኤፒዎችን ሊተው ይችላል። ኮንትሮለሩን ካሳደጋችሁ በኋላ የተተዉት ኤፒዎች ተመልሰው አይገናኙም።

ሁለተኛ፣ መሐል ላይ መቆም ያለበት ቨርዥን አለ? ማይክሮቲክ ጥሩ ምሳሌ ነው። መሣሪያዎቹን ከሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ከራውተርኦኤስ፣ 7.13 ጀምሮ የዋይፋዩ ክፍል ከዋናው ጥቅል ወጥቶ ለብቻው ሆኗል። ስለዚህ ከ7.12 በታች ያለ መሣሪያ መጀመሪያ ወደ 7.12 መግባት አለበት። ያኔ የዋይፋዩ ጥቅል ራሱ ተስተካክሎ ይከተላል። ዘላችሁ ፋይሉን በእጅ ከጫናችሁ መሣሪያው ይነሳል፤ ዋይፋዩ ግን ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ የታወቁ ችግሮች። ሲስኮ አይኦኤስ የተባለውን የራሱን ሶፍትዌር (የአይፎኑን አይደለም) የሚጠቀሙ አሮጌ ኤፒዎች ላይ ያወጣው ማስታወቂያ ለዚህ ይጠቀሳል። ፋይሉን የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ዲሴምበር 4 ቀን 2022 ጊዜው አልፏል። ከዚያ ወዲህ ኤፒው ፋይሉን እያወረደ ነው እንደተባለ እዚያው ተገትሮ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው የኮንትሮለሩን የሰዓት ማመሳሰያ ለጊዜው አጥፍቶ ቀኑን ከዚያ በፊት ማድረግ፣ ኤፒዎቹ ሲጨርሱ ሰዓቱን መመለስ ነው። ይህን ያላነበበ ሰው ኬብል ሲቀይር ያድራል።

አራተኛ፣ ሳይነገራችሁ የሚቀየር ቅንብር አለ? በተለይ የደኅንነት ቅንብር።

ቅደም ተከተሉንም ከዚሁ ታገኙታላችሁ። ሲስኮ ኮንትሮለር ላይ ኤፒው ፈርምዌሩን ከኮንትሮለሩ ይወስዳል። ኮንትሮለሩ ሲያድግ እሱም ያድጋል፤ ለብቻው አትነኩትም። ዩኒፋይና ኦማዳ ላይ የኮንትሮለሩ ሶፍትዌርና የኤፒው ፈርምዌር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኮንትሮለሩ ይቀድማል። ማይክሮቲክ ላይ ራውተርኦኤስ ከታደሰ በኋላ መሣሪያውን የሚያስነሳው ራውተርቡት ለብቻው ይታደሳል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ሪስታርት ይደረጋል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

3. ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ

ማስጠንቀቂያ፦ ቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ ፈርምዌር አትጫኑ። አንዳንድ አምራች ፋይሉን ለማውረድ የድጋፍ ውል ስለሚጠይቅ ሰው ወደዚያ ይሄዳል፤ ችግሩ ይገባኛል። ግን በዚያ ፋይል ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት አታውቁም። የምትሰጡት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ለሚያልፍበት መሣሪያ ነው። ውሉ ካለቀ መሣሪያውን የሸጠላችሁን ድርጅት ጠይቁ።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ሃሹን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ኮድ፣ አመሳክሩ። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ከፍታችሁ ‹ጌት-ፋይልሃሽ› የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ስትሰጡት ሻ-256 ያወጣል። አምራቹ ድረ ገጹ ላይ ካስቀመጠው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል መጠኑ ልክ መስሎ ውስጡ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። ብዙ ኤፒ ጎዶሎ ፋይል ሲሰጠው እምቢ ይላል፤ ሁሉም ግን አይልም።

አሁን እየሠራ ያለውን ቨርዥን ፋይልም አብራችሁ አውርዱ። መመለስ ሲያስፈልግ ዋይፋዩ ወድቋል፣ ሰው ይጠብቃል። ያኔ ፋይል ፍለጋ መጀመር የለባችሁም።

4. ባክአፕ ውሰዱ

የኮንትሮለሩን ባክአፕ አውጥታችሁ ላፕቶፑ ላይም ፍላሽ ላይም አስቀምጡ። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑንና ቨርዥኑን ጻፉ። በአዲስ ቨርዥን የተወሰደ ባክአፕ ወደ አሮጌው ላይመለስ ስለሚችል፣ አሁን ከመነካቱ በፊት የምትወስዱት ነው ዋጋ ያለው።

ከዚያ የዋይፋይ ስሞቹን፣ ቪላኖቹን (ኔትወርኩ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች)፣ የተጠቃሚዎችን መግቢያ የሚያረጋግጠውን የራዲየስ ሰርቨር፣ የእያንዳንዱን ኤፒ ቻናልና የኃይል መጠን ስክሪንሾት አንሱ። በኋላ «ድሮ እንዲህ ነበር እንዴ?» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ይህ ነው።

5. መብራቱን አስተማማኝ አድርጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። መሐል አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ሕንፃዎች ጄነሬተር አላቸው፤ ስለዚህ «መብራት ቢሄድም ግድ የለም» ይባላል። ለኤፒው ግን ግድ አለው። መብራት ሄዶ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። መብራት ሲመለስም እንደ ሕንፃው አሠራር ሌላ ክፍተት ሊኖር ይችላል። ለመብራት አምፖል ምንም አይደለም። ፈርምዌር ወደ ማኅደረ ትውስታው እየጻፈ ላለ ኤፒ ግን አንዷ ሰከንድ ትበቃለች። ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ ሲበራ የሚነሳበት ነገር ያጣል።

አንዳንድ ኤፒዎች ለፈርምዌር ሁለት የማኅደረ ትውስታ ክፍል አላቸው። አዲሱን ባልተያዘው ክፍል ላይ ይጽፉና ካልተሳካ በአሮጌው ይነሳሉ። አሩባ እና ብዙዎቹ የሲስኮ ኤፒዎች እንዲህ ናቸው። ርካሾቹ ሞዴሎች ይህ ላይኖራቸው ይችላል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆናችሁ እንደሌለው ቁጠሩት።

አሁን ዩፒኤሱን ፈትሹ። ሰርቨር ክፍሉ ዩፒኤስ ስላለው ብቻ አትዘናጉ። ኤፒዎቹ ኃይል የሚያገኙት ከየፎቁ ስዊች ነው፤ የየፎቁ ስዊች ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮሪደር ላይ ባለች ትንሽ ካቢኔ ውስጥ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱን ተከታተሉ፦ ይህ ኤፒ ከየትኛው ስዊች? ስዊቹ ከየትኛው ሶኬት?

ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። መደበኛው ፒኦኢ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ ፒኦኢ ፕላስ የሚባለው እስከ 30 ዋት ይሰጣል። 20 ኤፒ የያዘ ስዊች በመጀመሪያው ሒሳብ እስከ 308 ዋት ሊስብ ይችላል፤ የስዊቹን የራሱን ፍጆታ ሳንቆጥር። ትክክለኛውን ፍጆታ ስዊቹ ራሱ የፒኦኢ ገጹ ላይ ያሳያችኋል፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። ለአንድ ዴስክቶፕ የተገዛች ትንሽ ዩፒኤስ ግን ይህን ይዛ ብዙ አትቆይም።

ሙከራው ቀላል ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉና ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ተመልከቱ። ከ20 ደቂቃ በላይ ከያዘ ለአንድ ዙር ይበቃል። ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስ መብራት እያለ ጤነኛ ይመስላል፤ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል። ይህን የምታውቁት ያለዚህ ሙከራ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ በዕለቱ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ከዋለ ሥራውን ለሌላ ቀን አሸጋግሩት። በክረምት፣ ነጎድጓድ ባለበት ምሽትም እንዲሁ። የአንድ ሳምንት መዘግየት ጉዳት የለውም።

6. ሰዓቱን ምረጡ፣ ሰዓቱን አስተካክሉ

ለቢሮ እሑድ ጠዋት ምቹ ነው። ቅዳሜ ብዙ ቦታ እስከ ምሳ ይሠራል፣ ባንኮችም ክፍት ናቸው። ለገበያ ማዕከል ከተዘጋ በኋላ። ለሆቴል በሥራ ቀን ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፤ ግን የስብሰባ እንግዳ በሞላበት ሳምንት አይሁን። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሰሞን የመሐል ከተማ ሆቴሎች ዋይፋይ ባይነካ ይሻላል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አፕግሬዱን ራሱ እንዲጀምር ቀጠሮ የምትይዙለት ከሆነ ኮንትሮለሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ለእሱ 02:00 ነው። 08:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ዋይፋዩ ይወርዳል። ቀኑም ያሳስታል። ለእኛ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ለእሑድ አጥቢያ ነው፤ ለኮንትሮለሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለው እሑድ ነው። ቅዳሜ 02:00 ብላችሁ ከሞላችሁት አንድ ቀን ቀድሞ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ይጀምራል። ዩፒኤሱም እናንተም ሳትዘጋጁ ማለት ነው።

የሰዓት ክልሉንም እዩ። የአዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (ዩቲሲ) ፕላስ 3 ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ከሌለ ናይሮቢን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። ኮንትሮለሩ በዜሮ ክልል ላይ ከተተወ የያዛችሁት ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል።

ለሰው ስትናገሩ ደግሞ በእኛ ሰዓት ጻፉ፦ «ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ዋይፋይ ይቋረጣል። በኬብል የሚሠሩ ኮምፒውተሮች አይነኩም።» በዋይፋይ የሚሠሩ ካሜራዎች፣ የክፍያ ማሽኖችና የበር መክፈቻዎች ካሉ ባለቤቶቻቸውን ለይታችሁ አነጋግሩ።

7. መጀመሪያ አንድ ኤፒ

ትርፍ ኤፒ ካላችሁ በእሱ ጀምሩ። ከሌላችሁ ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን፣ ለምሳሌ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ወይም የራሳችሁን ክፍል ኤፒ ምረጡ። አድሱትና ጥቂት የሥራ ቀናት ጠብቁ። አንዳንድ ችግር የሚታየው ሰው ሲበዛ ወይም ኤፒው ብዙ ሰዓት ሲቆይ ነው እንጂ እንደተነሳ አይደለም።

ፈርምዌሩን ከኮንትሮለሩ የሚወስዱ ኤፒዎች ላይ ይህ ሁልጊዜ አይቻልም፤ ሁሉም አብረው ያድጋሉ። ሁለተኛ ኮንትሮለር ካላችሁ አንድ ኤፒ ወደዚያ አዙራችሁ ሞክሩ። ከሌላችሁ ፋይሉን ቀድሞ ወደ ኤፒዎቹ የሚልከውን አማራጭ ተጠቀሙ። ኤፒዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ፋይሉን ይቀበላሉ፤ በሌሊት የሚቀረው ሪስታርቱ ብቻ ይሆናል። መቋረጡ በጣም ያጥራል።

8. አፕግሬዱን አስጀምሩ

ላፕቶፑን በኬብል ስዊቹ ላይ ሰኩ። በዚያው ዋይፋይ ተገናኝታችሁ አትሥሩ፤ ኤፒው ሪስታርት ሲያደርግ የቆማችሁበት መሬት አብሮ ይሄዳል። የላፕቶፑን ቻርጅ ሰኩ፣ እንዳይተኛ አድርጉት።

«ሁሉንም» የሚለውን አትምረጡ። በአንድ ፎቅ ላይ ያሉትን አንድ እየዘለላችሁ በሁለት ክፈሏቸው። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥሮቹ፣ እነሱ ተነስተው ሰው መቀበል ሲጀምሩ ሙሉ ቁጥሮቹ። ጎረቤት ኤፒው እየሠራ ስለሆነ ፎቁ ጨርሶ አይጨልምም። የሆነ ነገር ቢበላሽም ግማሹ ነው።

አንዱ ኤፒ በሌላው ኤፒ በኩል በአየር የሚገናኝበት ሜሽ ካላችሁ ከሩቁ ጀምሩ። ቅርቡን ካስቀደማችሁ እሱ ሪስታርት ሲያደርግ ሩቁ ፋይሉን መሐል ላይ ያጣል።

ኤፒዎቹ በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል፣ የሚተዳደሩ ከሆኑ የኢንተርኔት መስመራችሁን አስቡ። ፋይሉ 40 ሜጋባይት ቢሆን፣ 30 ኤፒዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲያወርዱ 1,200 ሜጋባይት ነው። ኮንትሮለሩ ፋይሉን አንድ ጊዜ አውርዶ ለኤፒዎቹ የሚያከፋፍልበት አማራጭ ካለው አብሩት።

ከዚያ ጠብቁ። ባመዛኙ አንድ ኤፒ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስድበታል። የኤፒው ጠቋሚ መብራት ቀለሙን ይቀያይራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፤ ኮንትሮለሩ ላይ «ተቋርጧል» ይላል። ይህ ሁሉ ጤነኛ ነው። ማስጠንቀቂያ፦ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ኬብል አትንቀሉ፣ የፖርቱን ኃይልም አታጥፉ። ተገትሮ ቀርቷል ተብሎ የሚነቀል ኤፒ አብዛኛውን ጊዜ እየጻፈ የነበረ ነው።

9. አጣሩ

ኮንትሮለሩ ላይ አረንጓዴ መሆኑ አይበቃም። በቅደም ተከተል፦

- ሁሉም ኤፒ አዲሱን ቨርዥን ያሳያል? ከመዝገባችሁ ጋር ቆጥራችሁ አመሳክሩ።
- የአገር ቅንብሩ እንደነበረ ነው? ወደ ሌላ አገር ከዞረ ቻናሎቹና የኃይል መጠኑ አብረው ይቀየራሉ።
- ቻናልና ኃይል ከስክሪንሾቱ ጋር ይገጥማሉ?
- የሠራተኛውም የእንግዳውም ዋይፋይ ይገባል? እንግዳው ከውስጥ ኔትወርኩ ተለይቶ መቅረቱንም ፈትሹ።
- የፒኦኢ ፍጆታው ልክ ነው? ኃይል ያነሰው ኤፒ አንዱን ሬዲዮ አጥፍቶ ሊነሳ ይችላል።

ከዚያ በእግር ሂዱ። በቴሌግራም ለአንድ ሰው ደውሉና እያወራችሁ ከሊፍቱ እስከ መሰብሰቢያ አዳራሹ ተራመዱ። ድምፁ የሚቆረጥበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከአንድ ኤፒ ወደ ሌላ መሸጋገር ላይ ያለ ችግር በሌላ መንገድ አይታይም።

አሮጌውን ስልክ፣ ፕሪንተሩንና የክፍያ ማሽኑን የግድ ሞክሩ። አዲስ ፈርምዌር አንዳንዴ የደኅንነት ቅንብሩን ከፍ አድርጎ ይነሳል፤ ዳብሊውፒኤ3 (አዲሱ የዋይፋይ ደኅንነት ደረጃ) ወይም ፒኤምኤፍ (የዋይፋዩን የቁጥጥር መልእክቶች የሚጠብቀው) «ግዴታ» ይሆናል። አዲስ ስልክ አያስተውለውም። የቆየ ፕሪንተር ግን የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ መገናኘት ያቅተዋል። ፒኤምኤፍን ወደ «አማራጭ» መልሱት፣ ወይም ለአሮጌ ዕቃዎቹ የተለየ የዋይፋይ ስም አዘጋጁላቸው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ስዊቹንም «በዚያው» ብሎ ማደስ። ስዊቹ ሪስታርት ሲያደርግ የኤፒዎቹን ኃይል ሊቆርጥ ይችላል። ለሌላ ቀን ይሁን።

ችግር በታየ ቁጥር ፋክተሪ ሪሴት ማድረግ። ሪሴት ቅንብሩን ያጠፋል እንጂ ፈርምዌሩን ወደ ድሮው አይመልስም። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ሁልጊዜ ወደ ታች መመለስ ይቻላል ብሎ ማሰብ። አንዳንድ ቨርዥን አንዴ ከተጫነ አሮጌውን አይቀበልም። ይህም ሪሊዝ ኖቱ ላይ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አንብቡ ያልኩት ለዚህም ነው።

ቲኤፍቲፒ አልሠራ ሲል ኤፒውን መጠርጠር። ላፕቶፑ ፋይሉን የሚሰጥ ከሆነ መጀመሪያ የዊንዶውስ ፋየርዎልን እዩ። ዩዲፒ ፖርት 69 ከተዘጋ ምንም አያልፍም። የላፕቶፑን ዋይፋይም አጥፉት፤ አለበለዚያ ጥያቄው በሌላው በኩል ሊወጣ ይችላል።

ኤፒው አልነሳ ካለ

20 ደቂቃው ካለፈ በኋላ የፖርቱን ኃይል ከስዊቹ አጥፍታችሁ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አብሩት። ሁለት ክፍል ያለው ኤፒ ብዙ ጊዜ በዚህ በአሮጌው ይነሳል። ካልተነሳ አውርዱት፣ በኢንጀክተሩ ጠረጴዛ ላይ አብሩት። ቦታው ባዶ እንዳይሆን ትርፉን ስቀሉ።

አካሄዱ እንደ አምራቹ ይለያያል። ዩኒፋይ ላይ ሪሴቱን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ኬብሉን ሰኩና መብራቱ ቀለም እያፈራረቀ እስኪበልጭ ቆዩ። ኤፒው በ192.168.1.20 ይጠብቃል። ላፕቶፑን 192.168.1.25 ስጡትና ፋይሉን በቲኤፍቲፒ ላኩለት። የሲስኮ አሮጌዎቹ ኤይሮኔቶች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፋይሉን የሚጠይቀው ኤፒው ነው። ሞድ የሚለውን አዝራር ይዛችሁ ስታበሩት ራሱን 10.0.0.1 ያደርጋል። ላፕቶፑ ከ10.0.0.2 እስከ 10.0.0.30 ባለው ውስጥ ሆኖ ቲኤፍቲፒ ሰርቨሩ ክፍት መሆን አለበት፤ የፋይሉም ስም አምራቹ ለዚያ ሞዴል ባዘዘው መልክ መቀየር አለበት። ማይክሮቲክ ኔትኢንስቶል የሚባል የራሱ ፕሮግራም አለው።

ይህም ካልሠራ ኮንሶል ኬብሉን ሰክታችሁ ፑቲ ላይ ሲነሳ የሚጽፈውን አንብቡ። ፍጥነቱን በ9600 ሞክሩ፤ የማይነበብ ፊደል ከወጣ 115200 አድርጉት። የሚታየውን ጽሑፍ ገልብጣችሁ ከተለጣፊው ፎቶ ጋር ለሻጩ ላኩ። ዋስትናው ካላለፈ ደረሰኙን አያይዙ። ሌሎቹን ኤፒዎች ግን የዚህኛው ምክንያት ሳይታወቅ አትቀጥሉባቸው።